የባለቤቴ ወገን ከሳፎክ፦ በ1841 25 ዓመት፣ በ1851 39 ዓመት የተባለው ሰው አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ፀሐይ ከብላክበርን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የምኖረው እንግሊዝ፣ ላንካሸር ውስጥ ብላክበርን ነው፤ ባለቤቴ የዚሁ አገር ሰው ነው። ልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ አፋቸውን ከፈቱ ጀምሮ አባቴ በስልክ እያስደገመ አስጠንቷቸዋል። በአባታቸው በኩል ግን ከቅድመ አያታቸው ወዲያ የሚያውቅ አንድም ዘመድ የለም። የሚወራው «ድሮ ከሳፎክ (ከምሥራቅ እንግሊዝ አውራጃ) የመጣን ነን» የሚል ብቻ ነው። በአንድ ወገን ተቆጥሮ በሌላው ወገን ዝም መባሉ አልዋጥልኝ ስላለ መፈለግ ጀመርኩ።

ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የቤተሰቡን ስም እዚህ አላወጣም፤ ሰውየውን ዊልያም ብቻ ልበለው።

ከባለቤቴ አያት ተነሥቼ በልደትና በጋብቻ የምስክር ወረቀት ወደ ኋላ እየሄድኩ 1851 ላይ ደረስኩ። በዚያ ዓመት ቆጠራ ዊልያም እዚሁ ብላክበርን አባወራ ሆኖ ተጽፏል፤ ዕድሜ 39፣ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የትውልድ ቦታ ላክስፊልድ፣ ሳፎክ። ሚስቱ ሣራ 40 ዓመቷ ናት። የ18 ዓመት ወንድና የ16 ዓመት ሴት ልጆቻቸው ሳፎክ የተወለዱ ናቸው፤ የ13፣ የ10ና የ6 ዓመቶቹ ደግሞ ብላክበርን።

1841 ላይ ግን ግራ ገባኝ። ቤተሰቡ ያው ነው፤ የልጆቹም ስም አልተለወጠም፤ ሣራ 30 ተብላለች፤ ዊልያም ግን 25። ሚስት በአሥር ዓመት አሥር ስትጨምር ባል አሥራ አራት ይጨምራል?

ሌላም አለ። በላክስፊልድ የጥምቀት መዝገብ ማውጫ ውስጥ በዚሁ የቤተሰብ ስም ሁለት ዊልያም አገኘሁ። አንዱ በ1808 የተጠመቀ የሮበርትና የሜሪ ልጅ ነው፤ ሌላው በኖቬምበር 1811 የተጠመቀ የጄምስና የሱዛን ልጅ። አንድ ሰው ኢንተርኔት ላይ ባስቀመጠው የዘር ሐረግ የ1808ቱን ይዞ እስከ ኖርማን ባላባቶች አድርሶታል። እሱን ልከተል?

መዝገብ ፈላጊ

እህቴ፣ ሰውየው አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ያወዛገበሽ የ1841 ቆጠራ አሠራር ነው።

እንግሊዝ ውስጥ የሕዝብ ቆጠራ በ1801 ተጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ቀጠለ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ቁጥር የሚሰበስቡ ስለነበሩ ለእኛ ፍለጋ እምብዛም አይረዱም፤ የሰው ሁሉ ስም የተጻፈበት የመጀመሪያው የ1841ዱ ነው። የዚያ ዓመት መመሪያ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች፣ አምስት አምስት እየተባለ እንዲጻፍ ያዝዛል። 29 የሆነው 25፣ 34 የሆነው 30 ይባላል። የልጆች ዕድሜ ግን እንዳለ ይጻፋል። ስለዚህ የዊልያም «25» ከ25 እስከ 29 ያለ ሰው ማለት ነው።

አሁን ሁለቱን ዊልያሞች በቆጠራው ሌሊት ላይ አስቀምጫቸው። የ1841 ቆጠራ ጁን 6 ነበር። በኖቬምበር 1811 በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው ያን ዕለት 29 ነው፤ ይጻፍ ሲባል 25። የ1851 ቆጠራ ማርች 30 ነበር፤ ያን ዕለት 39 ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የ1808ቱ ደግሞ በ1841 30 ተብሎ መጻፍ ነበረበት፤ በ1851ም ከ42 በታች አይሆንም።

ይሁንና በዚህ ብቻ አትወስኚ። ቆጣሪዎቹ ሁሉ መመሪያውን እኩል አልተከተሉም፤ ዕድሜውን በትክክል የማያውቅም ብዙ ሰው ነበር። ጥምቀትም ልደት አይደለም። እኛ ዘንድ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ ከጥምቀት ቀን ተነሥተን የልደት ቀን እናሰላለን። በእንግሊዝ አጥቢያዎች እንዲህ ያለ ቋሚ ቀን አልነበረም። በተወለደ በሦስተኛው ቀን የተጠመቀ አለ፣ አራት ዓመት ሞልቶት ከታናናሾቹ ጋር ባንድ እሑድ የተጠመቀም አለ።

ስለ ኢንተርኔቱ የዘር ሐረግ በግልጽ ልንገርሽ፤ አትከተይው። የሠራው ሰው ለምን የ1808ቱን እንደመረጠ ማስረጃ ካላስቀመጠ ያደረገው ነገር ስም ከስም ማገጣጠም ነው። ለባለቤትሽ ቤተሰብ የሌላ ሰው አያት ይሰጣቸዋል፤ የገዛ አያታቸው ደግሞ እንደተረሳ ይቀራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ሁለተኛው ነው።

ወለተ ኪዳን

ፀሐይ እህቴ፣ እኔ ማንቸስተር አካባቢ ባለ የቤተሰብ ታሪክ ማኅበር ውስጥ በፈቃደኝነት መዝገብ አነባለሁ፤ ከሳፎክ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ ይገጥሙናል።

መጀመሪያ የልጆቹን የትውልድ ቦታ ተመልከቺ። በ1851 የ16 ዓመቷ ሳፎክ ተወልዳለች፣ የ13 ዓመቱ ብላክበርን። እንግዲህ ቤተሰቡ የተነሣው ከ1834 እስከ 1838 ባለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ደግሞ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። በ1834 የወጣው የድሆች ሕግ አጥቢያዎች ለድሃ ሠራተኛ በቤቱ እያለ ይሰጡት የነበረውን ድጎማ አጥብቦ ብዙ ሰው ወደ ድሆች ማደሪያ ቤት እንዲገባ አስገደደ። ሳፎክና ኖርፎክ ውስጥ የእርሻ ቀን ሠራተኛ በዝቶ ሥራ ጠፍቶ ነበር፤ ላንካሸር ውስጥ ፋብሪካዎቹ በተለይ ልጅ የበዛበትን ቤተሰብ ይፈልጉ ነበር። ከ1835 እስከ 1837 የድሆች ሕግ ኮሚሽነሮች ራሳቸው ወኪል አስቀምጠው ቤተሰብ በቤተሰብ ወደ ሰሜን ላኩ። የአንቺዎቹ በዚህ መንገድ መጥተው ከሆነ የአካባቢው የድሆች ማኅበር (አጥቢያዎች ድሆችን በጋራ የሚረዱበት) ከኮሚሽነሮቹ ጋር የተጻጻፈው ደብዳቤ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጧል።

ሁለተኛው ሥራ የሌላውን ዊልያም ዱካ መከተል ነው። ሰው ብዙ ጊዜ የራሱን ብቻ ይፈልጋል። በ1808 የተጠመቀው ወይ ሞቷል፣ ወይ ላክስፊልድ ቀርቷል፣ ወይ ሌላ ቦታ ሄዷል። በ1851 በዚያው መንደር ከተገኘ ብላክበርን ያለው እሱ አይደለም ማለት ነው። ከ1851 ጀምሮ ቆጠራው ለአባወራው ምኑ እንደሆኑ፣ ያገቡ መሆን አለመሆናቸውን፣ የተወለዱበትንም አጥቢያ ይጽፋል፤ 1841 ይህ አልነበረውም፤ ስለ ትውልድ ቦታ የሚጠይቀው እዚያው አውራጃ ተወልደዋል ወይስ አልተወለዱም ብቻ ነበር። የቀብር መዝገቡንም እይ። በዚያ ዘመን አንድ ልጅ ሲሞት የሚቀጥለውን በዚያው ስም መጥራት የተለመደ ነበር። ጥምቀቱን አግኝተው ተደስተው ልጁ በስምንት ወሩ መቀበሩን ሳያዩ ሐረግ የሰቀሉ ስንት ሰዎች አሉ!

ሦስተኛ፣ የጋብቻውን መዝገብ ማግኘት አለብሽ። እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። የመንግሥት ምዝገባ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። ከዚያ ወዲህ ያለ የጋብቻ ወረቀት የሁለቱንም አባቶች ስምና ሥራ ይናገራል፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን የአባት ስም የለውም። ዊልያምና ሣራ በ1832 ወይም በ1833 ልጅ ስለነበራቸው የተጋቡት ከዚያ በፊት ነው፤ ስለዚህ መዝገቡ «የጄምስ ልጅ» ብሎ አይነግርሽም። ሣራ የማን ልጅ እንደሆነችም አታውቂም፤ ካላወቅሽ ደግሞ የትኛው «ዊልያምና ሣራ» እንደሆነ አትለዪም።

መፍቻው የ13 ዓመቱ ልጅ ነው። ከጁላይ 1837 በኋላ ተወልዶ ከሆነ የልደት ወረቀቱ ላይ የእናቱ ከጋብቻ በፊት የነበረው የቤተሰብ ስም አለ። የጠቅላላ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት አዲሱ የኢንተርኔት ማውጫ ይህን ስም እስከ 1837 ድረስ ያሳያል፤ ድሮ ማውጫው ከ1911 ወዲህ ያለውን ብቻ ነበር የሚያሳየው። በማውጫው አግኝተሽ ቅጂውን እዘዢ። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሳይመዘገብ የቀረ ልደት ብዙ ነው፣ ማስመዝገብ የወላጅ ግዴታ ሆኖ ቅጣት የመጣበት ከ1875 ጀምሮ ነው። ካጣሽው የ10 ወይም የ6 ዓመቱን ሞክሪ።

ሮቤል ከዲሲ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ባለቤትሽ የዲኤንኤ ምርመራ ቢያደርግ አይቀልም? የእኔ ሚስት አሜሪካዊት ናት፤ ምራቅ ልካ ወዲያው እንግሊዝ ያሉ ዘመዶች አገኘች።

መዝገብ ፈላጊ

ወንድሜ ሮቤል፣ ዲኤንኤ ሁለት ሰዎች ዘመድ መሆናቸውን ያሳያል፤ የሚያገናኛቸው ሰው ማን እንደሆነ ግን ስም አይሰጥም። ስሙ የሚገኘው ከመዝገብ ነው። የባለቤቷ ወገን ከላክስፊልዱ ጄምስ ከወረደ ሌላ ሰው ጋር ቢገጣጠም ግሩም ማረጋገጫ ይሆናል፤ ግን ሁለቱም ወገን መጀመሪያ በወረቀት መቆጠር አለበት። በዚያ ላይ ሮበርትና ጄምስ ወንድማማቾች ከሆኑ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ምርመራው ከየትኛው እንደወረዱ ላይለይ ይችላል።

ፀሐይ ከብላክበርን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያላችሁኝን አድርጌያለሁ።

የ13 ዓመቱ ልጅ በማውጫው የለም፤ የ10 ዓመቱ ግን ተገኘ፣ የእናቱም የቤተሰብ ስም አለበት። በዚያ ስም ስፈልግ ጋብቻው ላክስፊልድ አልነበረም፤ አጠገቡ ባለው ፍሬሲንግፊልድ በ1831 ተፈጽሟል። ገጹን በፎቶ አየሁት። ሁለቱም መጻፍ ስለማይችሉ በስማቸው ቦታ የኤክስ ምልክት አድርገዋል። የባለቤቴ ቅድመ አያቶች እጅ ያረፈበት ቦታ ያ ምልክት ብቻ ነው፤ ባለቤቴም አይቶት ዝም ብሎ ቆየ። ከምስክሮቹ አንዷ የዊልያም የቤተሰብ ስም ያላት ሃና የምትባል ሴት ናት።

ላክስፊልድ ላይ ደግሞ በ1851 ሌላ ዊልያም አለ፤ ዕድሜ 42፣ የእርሻ ቀን ሠራተኛ፣ ከእሱም ጋር «እናት፣ ባሏ የሞተባት» ተብላ የተጻፈች ሜሪ። ይሄ የሮበርትና የሜሪ ልጅ አይደለም ትላላችሁ?

ግራ የገባኝ አንድ ነገር፦ የዚህ ላክስፊልድ ያለው ዊልያም ሞት በማውጫው «ሆክስን» ይላል። ሆክስን ሌላ ቦታ አይደለም እንዴ?

ወለተ ኪዳን

እልልል! ሜሪን ከእሱ ጋር ማግኘትሽ ትልቅ ነገር ነው። ዕድሜው ለብቻው ያጠራጥር ይሆናል፤ ዕድሜውና እናቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የ1808ቱ ዊልያም መንደሩ እንደቀረ ያስረዳሉ። አሁን የሃናን ጥምቀት እይ። የጄምስና የሱዛን ልጅ ሆና ከተገኘች ሐረጉ ከሁለት በኩል ይጠበቃል። በሠርግ ምስክር የሚሆነው ብዙ ጊዜ እህት ወይም ወንድም ነው።

ጋብቻው ፍሬሲንግፊልድ መሆኑ አይግረምሽ፤ በሙሽራዪቱ አጥቢያ መጋባት ልማድ ነበር። የሁለቱ አጥቢያ የተለያየ ከሆነ ደግሞ የጋብቻው ማስታወቂያ በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት በሦስት እሑዶች ይነገራል። የላክስፊልድ የማስታወቂያ መዝገብ ተርፎ ከሆነ ዊልያም «የዚህ አጥቢያ ሰው» ተብሎ ታገኚዋለሽ።

ሆክስንን በተመለከተ፦ አጥቢያና የምዝገባ ወረዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1837 አገሩ በምዝገባ ወረዳ ሲከፋፈል የተከተለው የድሆች ማኅበራቱን ወሰን ነው። ላክስፊልድ፣ ፍሬሲንግፊልድ፣ ስትራድብሮክ ሁሉ በሆክስን ማኅበር ሥር ነበሩ። በማውጫው «ሆክስን» ማለት ሰውየው ከእነዚህ አጥቢያዎች በአንዱ ሞተ ማለት ነው እንጂ ሆክስን መንደር ሞተ ማለት አይደለም።

ፀሐይ ከብላክበርን

ሃና የጄምስና የሱዛን ልጅ ናት! በ1809 ተጠምቃለች። ዊልያምም በቀብር መዝገቡ ላይ በሕፃንነቱ አልተገኘም፤ እስከ 1831 ድረስ ገጽ በገጽ አይቻለሁ።

አሁን ጄምስ ላይ ቆሜያለሁ። በ1847 ሲቀበር 63 ተብሏል፤ ስለዚህ በ1784 ገደማ መወለድ አለበት። በላክስፊልድ ጥምቀት ግን የለም።

መዝገብ ፈላጊ

እህቴ፣ ለዚህ መልሱ ብዙ ነው፤ ልብ ብለሽ አንብቢው።

አንደኛው ምክንያት ቤተሰቡ የመንግሥቱን ቤተ ክርስቲያን የማይከተል መሆኑ ሊሆን ይችላል። ባፕቲስቶች ሕፃን አያጠምቁም፤ አንዳንድ ማኅበራቸው ግን የልደት መዝገብ ይይዝ ነበር። ኩዌከሮች ጭራሽ ጥምቀት የላቸውም፤ የልደት መዝገባቸው ግን በጣም የተጠነቀቀ ነው። ከ1837 በኋላ መንግሥት ከአጥቢያው ውጭ የነበሩ ማኅበራት መዝገባቸውን እንዲያስረክቡ ስለጠየቀ አብዛኛው ዛሬ ኪው ነው፤ ፎቶውም በኢንተርኔት አለ። የሚገርመው ጋብቻቸውን እዚያ አታገኚውም። በ1753 ወጥቶ ከማርች 25 ቀን 1754 ጀምሮ በሠራው የሎርድ ሃርድዊክ ሕግ መሠረት ከኩዌከሮችና ከአይሁድ በቀር ሁሉም በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መጋባት ነበረበት፤ እስከ 1837 ድረስ።

ሁለተኛው ግብሩ ነው። ከ1783 እስከ 1794 በመዝገብ ለሚሰፍር እያንዳንዱ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር ሦስት ፔንስ ይከፈል ነበር። የድሃ ሰው ከክፍያ ነፃ ነበር። የቀን ሠራተኛ ሆኖ ድሃ መባልን የማይፈልግ ሰው ግን ሦስት ፔንሱ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ግብሩ እስኪነሣ ያቆየ አለ። ጄምስ በ1784 ከተወለደ ጥምቀቱን እስከ 1795፣ 1796 ድረስ ፈልጊው፤ ከእህትና ወንድሞቹ ጋር ባንድ ቀን ተጠምቆ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ እኔ ለሳፎክ ሠራተኛ ሁልጊዜ የማስቀድመው፣ ሌላ አጥቢያ ተወልዶ መምጣቱ ነው። የ1662ቱ የመኖሪያ ሕግ እያንዳንዱ ድሃ የሚረዳው ሕጋዊ መኖሪያው በሆነው አጥቢያ ብቻ እንዲሆን ወስኖ ነበር። አንድ ሰው ርዳታ ሲጠይቅ ወይም ይጠይቃል ተብሎ ሲፈራ በዳኞች ፊት ይመረመራል፤ የት ተወለድክ፣ የት ተቀጠርክ፣ ስንት ጊዜ ቆየህ፣ ማንን አገባህ እየተባለ። ቃሉ ይጻፋል፣ እሱም ይፈርማል ወይም ምልክት ያደርጋል። አንድ መጻፍ የማይችል የእርሻ ሠራተኛ የራሱን ሕይወት ሲናገር የምንሰማበት ቦታ ይህ ነው፤ ለእኔ ከቆጠራ ሁሉ ይበልጥብኛል። እንዲህ ያሉ የአጥቢያ ወረቀቶች ኢፕስዊች ውስጥ ዘ ሆልድ በሚባለው የሳፎክ ቤተ መዛግብት ሕንፃ ይፈለጋሉ። ሁሉም ፎቶው ኢንተርኔት ላይ አልወጣም፤ ሄዶ ማየት ወይም ለሠራተኞቹ መጻፍ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ካታሎጉን በላክስፊልድ ስም ፈልጊ።

መዝገቡ ራሱ ተበላሽቶ ወይም ገጹ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ለጳጳሱ የተላከውን ግልባጭ እይ። ከ1598 ጀምሮ እያንዳንዱ አጥቢያ በየዓመቱ የመዝገቡን ግልባጭ ለጳጳሱ ይልክ ነበር። ግልባጭ ሲገለበጥ ስም ሊዘለል ይችላል፤ ግን አንዳንዴ ዋናው የሌለውን ይይዛል።

ፀሐይ ከብላክበርን

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ቤተ መዛግብቱ ጻፍኩላቸው፤ የጄምስ ምርመራ ተገኘ! በ1816 የተሰጠ ቃል ነው፤ ስትራድብሮክ እንደተወለደ፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ለእርሻ ሥራ እንደተቀጠረ፣ ላክስፊልድ ውስጥ ለአንድ ገበሬ ሙሉ ዓመት እንዳገለገለ ይናገራል። ስትራድብሮክ ጥምቀቱ በ1784 አለ፤ አባቱ ቶማስ። የቶማስን ደግሞ በ1755 እዚያው አገኘሁት፤ የእሱም አባት ጆን ነው። ለልጆቼ ስድስት ሰባት ቤት ሊሞላላቸው ነው።

ጆን ላይ ግን አንድ ነገር አሳፈረኝ። ወላጆቹ የተጋቡት በሜይ 1727 ነው፤ እሱ የተጠመቀው በፌብሩዋሪ 1727። ሳይጋቡ ነው የወለዱት ብዬ ለባለቤቴ ቤተሰብ ልንገር?

ዲያቆን ከሊድስ

እህቴ፣ እንዳትነግሪያቸው! ከተጋቡ በዘጠነኛው ወር ነው የተጠመቀው።

እንግሊዞች እስከ 1751 ድረስ በቤተ ክርስቲያንና በሕግ ወረቀት አዲስ ዓመት የሚሉት ጃንዋሪ 1ን ሳይሆን ማርች 25ን፣ ገብርኤል እመቤታችንን ያበሠረበትን በዓል ነበር። ይህ ቀን በእኛ መጋቢት 29 የምናከብረው ጽንሰት ነው፤ በአሮጌው ጁልያን አቆጣጠር ማርች 25ና መጋቢት 29 አንድ ቀን ናቸው። ስለዚህ በዚያ መዝገብ ከማርች 1727 ቀጥሎ ሜይ 1727፣ ዲሴምበር 1727 ይመጣል፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪም ገና 1727 ናቸው። መዝገቡ ላይ ገጹን ተከትለሽ ካነበብሽ የጆን ጥምቀት ከሠርጉ በኋላ ይመጣል። በእኛ የዛሬ አጻጻፍ ፌብሩዋሪ 1728 ነው። አጥኚዎች እንዳይምታታ 1727/8 ብለው ሁለቱንም ይጽፋሉ፤ አንቺም እንደዚያ ጻፊው።

በ1752 መንግሥት ሁለቱንም አንድ ላይ አስተካከለ፤ ዓመቱ በጃንዋሪ 1 እንዲጀምር አደረገ፣ በሴፕቴምበርም 11 ቀን ዘለለ። ከሴፕቴምበር 2 ቀጥሎ ያለው ቀን ሴፕቴምበር 14 ተባለ። ስለዚህ ከ1752 በፊት ያለ ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሺ ዛሬ የምንጠቀምበትን የሰባትና የስምንት ዓመት ስሌት እንዳለ አትውሰጂ፤ የጁልያኑን ቀን ይዘሽ ተነሺ። ጁልያኑ ከእኛ ጋር እንዲያውም ይቀላል፤ እንቁጣጣሽ በእሱ ኦገስት 29 ነው።

ወለተ ኪዳን

በዚህ ላይ ልጨምር። ከዚህ በላይ ልትሄጂ ካሰብሽ የምትደርሺበትን ወሰን እወቂ። አጥቢያዎች መዝገብ እንዲይዙ ቶማስ ክሮምዌል ያዘዘው በ1538 ነው። የመጀመሪያው ዘመን ብዙው በወረቀት ስለተጻፈ ጠፍቷል፤ በ1598 ወደ ብራና እንዲገለበጥ ታዘዘ። ከ1640ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት እስከ 1660 ንጉሡ እስኪመለስ ያለው ጊዜ በብዙ ቦታ ባዶ ነው። ከ1733 በፊትም አንዳንዱ በላቲን ነው፤ ዊልያም ጉሊየልሙስ፣ ጄምስ ያቆቡስ ተብሎ ታገኚዋለሽ።

ደግሞም ወደ ላይ በሄድሽ ቁጥር መዝገቡ የሚሰጥሽ ነገር ያንሳል። ከ1813 ጀምሮ በታተመ ቅጽ የአባት ሥራና መኖሪያ አለ፤ ከዚያ በፊት «ጆን የጆን ልጅ» ብቻ ሊል ይችላል። እኛ ጋ እያንዳንዱ ሰው ከአባቱ ስም ጋር ስለሚጠራ አያቱን ከአባቱ መለየት ቀላል ነው። እዚህ ግን አያት፣ አባት፣ ልጅ፣ የአጎት ልጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ስም ይይዛሉ። ስትራድብሮክ ላይ በ1720ዎቹ ሌላ ጆን እንደሌለ በጥምቀትም፣ በቀብርም፣ ከተገኘም በኑዛዜ አረጋግጪ። ከ1858 በፊት ያለ ኑዛዜ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር የሚጸድቀው፤ ለዚያ አካባቢ የሳፎክ ሊቀ ዲያቆን ፍርድ ቤትና የኖርዊች ጳጳስ ፍርድ ቤትን ትመለከቻለሽ። ሠራተኛ ኑዛዜ አይተውም አትበይ፤ የአጎቱ ወይም የአማቱ ኑዛዜ ስሙን ሊያነሣ ይችላል።

የካሳንቺስ ልጅ

ይቅርታ ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። አባቴ የተወለደው ከጣልያን መውጣት በኋላ አዲስ አበባ ነው፤ አባቱ እንግሊዛዊ ወታደር ነበር ይባላል። አያቴ ስሙን ነግረውኛል፤ የመጣውም ንጉሡ በተመለሱበት በ1933 በእኛ አቆጣጠር ነው። በእነዚህ ቆጠራዎች ይገኛል?

መዝገብ ፈላጊ

ወንድሜ፣ ለእርስዎ ያለው መንገድ ሌላ ነው። ቆጠራ ለመቶ ዓመት ተዘግቶ ስለሚቆይ አሁን የሚታየው የመጨረሻው የ1921 ነው። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ተቃጥሏል፤ በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄደም፤ የ1951ዱ የሚከፈተው በ2052 ነው። በሴፕቴምበር 29 ቀን 1939 የተደረገ አንድ ትልቅ ምዝገባ አለ፤ የልደት ቀን ስላለበት በጣም ይረዳል። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በጦር ሰፈር የነበሩ ወታደሮች አልተመዘገቡበትም። ሰውየው ከ1921 በፊት ተወልዶ ከሆነ በዚያ ዓመት ቆጠራ ከወላጆቹ ጋር ሕፃን ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ እሱን ከመፈለግዎ በፊት ግን የትኛው እንደሆነ የሚለዩበት ነገር ያስፈልግዎታል።

ያ የሚገኘው ከወታደራዊ መዝገብ ነው። ቀድሞ በመከላከያ ሚኒስቴር የነበሩት የአገልግሎት መዝገቦች ወደ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት እየተዛወሩ ነው። እሱን ከመጠየቅዎ በፊት ግን አያትዎን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። በ1941 ወደ ኢትዮጵያ ከገባው ጦር እጅግ ብዙው ከደቡብ አፍሪካ፣ ከምሥራቅና ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከሕንድም የመጣ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ሁሉም «እንግሊዝ» ይባል ነበር። ነጭ ወታደር ቢሆንም ደቡብ አፍሪካዊ ሊሆን ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ መዝገቡ ያለው ፕሪቶሪያ ነው። ክፍለ ጦሩን፣ ማዕረጉን፣ የትኛው መንገድ መጣ እንደተባለ፣ በኬንያ በኩል ነው ወይስ በሱዳን፣ የሚያስታውሱትን ሁሉ አሁኑኑ በድምፅ ይቅረጹላቸው። ከዚያ ለብቻው ክር ይክፈቱበት፤ የሰውየውን ሙሉ ስም ግን በአደባባይ አይጻፉ፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ።

ፀሐይ ከብላክበርን

ዲያቆን፣ ገጹን እንደገና ከፈትኩት፤ እንዳልከው ሜይ ከላይ፣ ፌብሩዋሪ ከታች ነው። ወለተ ኪዳን፣ ስትራድብሮክ ላይ ሌላ ጆን አለ፤ በ1725 የተጠመቀ፣ አባቱ ኤድዋርድ። ቀብሩን እስካላገኘሁ ድረስ ለልጆቼ ከቶማስ በላይ አልነግራቸውም።

ወለተ ኪዳን

ደግ አደረግሽ። ቀብሩን ከ1725 እስከ 1730 በስትራድብሮክ ጀምሪ፤ ካጣሽው የፍሬሲንግፊልድንና የላክስፊልድን ቀጥዪ። ጋብቻውንም እይ፤ የኤድዋርዱ ጆን አድጎ ከ1755 በፊት ሌላ ሴት አግብቶ ከተገኘ የሚስቱ ስም ከቶማስ እናት ስም ጋር ይነጻጸራል። ያገኘሽውን ላኪልኝ፤ ጽሑፉ ካስቸገረሽ አብረን እናነበዋለን።